ልጄን ይዤ፣ ሳላምን፣ እስከ ሐይቅ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ሰው። እኔ አንዴ ስለተመነጠርኩ ከዚያ ወዲህ ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን የለም። ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስና ጋቢ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ደንበኛ ጨርቅ ሲዳብስ እጁን ሳይሆን ዓይኑን ነው የማየው። ይህን የምጽፈው ሐይቅን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ጎረቤቶቼ ነው። «ግሸን ማርያምን ልሳለም» ብያችሁ ነበር የወጣሁት። ግሸን አልደረስኩም። የት እንደደረስኩ እነግራችኋለሁ።

ልጄን ትዕግስትን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ለማያውቃት ልንገር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። ታወራለች፣ ትስቃለች፣ አንዴ ያየችውን ሰው አትረሳም። ግን ብቻዋን አስፋልት ተሻግራ አታውቅም፤ ምድጃ ላይ ድስት ጥዳ አታውቅም። ሌላ ልጅ የለኝም፤ እኔም ስልሳን ተሻግሬያለሁ። እኔ ስሞት ይቺ ልጅ በማን እጅ ትወድቃለች የሚለው ሐሳብ ነው ልቤን የሚበላው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትልቅ ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው ማሰልጠኛ ውስጥ አስገብቻት ነበር። ጨሌ መሰካት ትማራለች ተባልኩ። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹን ነጭ አልብሰው ይደረድሯቸዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። አንድ ቀን ሳልናገር ብሄድ፣ አንዷ ሠራተኛ ልጆቹ የሰኩትን ጨሌ ከክሩ እያራገፈች ወደ ሳህኑ ስትመልስ አገኘኋት። ለካ ልጄ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ጨሌ ነው የምትሰካው! በዚያው ቀን እጇን ይዤ ወጣሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ክር ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ደሴ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ነች ደውላ፣ ሐይቅ ከተማ ጫፍ ላይ እንደ ትዕግስት ያሉ ወጣቶችን ሥራና ራስን ችሎ መኖር የሚያለማምድ ቤት አለ ያለችኝ። «በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ይሄኔ ነው የጠረጠርኩት። ሄጄ በዓይኔ አያለሁ፣ ካላማረኝ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከደብረ ብርሃን ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሻንጣችንን በጓጉንቸር ቆልፌ፣ ቁልፉን ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሲጭነው አንገቴ እስኪጣመም አየሁት። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ እኔ በየፌርማታው በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ጣሪያውን ስቃኝ፣ ትዕግስት ደመናውን እያየች ታጨበጭብ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። የደብረ ብርሃን ሰው እዚያ ሲደርስ ጋቢውን ወዴት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። ከጎናችን የተቀመጠ፣ ሽርጥ የታጠቀ አንድ ጎልማሳ ማንጎ ገዝቶ ለትዕግስት ዘረጋላት።

«እንዳትበዪ» አልኳት።

ሰውየው ሳቀ። ማንጎውን በሰንጢ ለሁለት ሰነጠቀና ግማሹን እዚያው ዓይኔ እያየ በላው። «አብሽሪ እታለሜ፣ መርዝም ቢሆን እንግዲህ አብረን ነን» አለኝ። ትዕግስት ሌላውን ግማሽ እስከ ክርኗ እየተጨማለቀች ጨረሰችው። እኔ አልቀመስኩም። ኮምቦልቻ ላይ ሰላም ብሎን ሲወርድ ቦርሳዬን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም አልጎደለም።

መንገድ ላይ ፍተሻ በዝቶ ስለነበር ደሴ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ፔንሲዮን ውስጥ ክፍል ይዘን ሻንጣውን ልከፍት ነጠላዬን ብዳብስ ቋጠሮው ተፈቷል፤ ቁልፉ የለም። ሌባ ያልወሰደብኝን ራሴው ቆልፌ ራሴን ከለከልኩት። ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፌ ከነልብሳችን ልንጋደም ስንል በሩ ተንኳኳ። ተቆጥቼ «ማን ነው?» ብል፣ የፔንሲዮኑ ልጅ «እማማ፣ ደሴ ይበርዳል፣ ብርድ ልብስ ልጨምርላችሁ ብዬ ነው» አለች። የደብረ ብርሃን ሰው ለደሴ ብርድ ብርድ ልብስ ይጨመርለታል? ያውም ለሻጯ? ግን ተቀበልኳት። ጨርቁንም አገላብጬ አየሁት፤ ደህና ነው።

ሁለተኛው ቀን

ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ሹፌሩ የአምባሰል ዜማ ከፍቶ ነበር፤ ትዕግስት ቃሉን ሳታውቅ አብራ አንጎራጎረች። መታጠፊያው ላይ ውሃው ድንገት ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ወሬውን እንደቀጠለ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ «በስመ አብ!» ያልኩት። እኛ ጋ ውሃ ማለት ወንዝና ቧንቧ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዛፍ ተሸፍኖ ከወዲያ ማዶ ይታያል፤ ከሩቅ ተሳለምኩት።

ቤቱ ሰፊ ግቢ ያለው፣ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘሐራ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ድምጿ ግን የደወል። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና «እንኳን ደህና መጣሽ እታለሜ፤ ወላሂ መንገዱ አድክሞሻል» አለችኝ። አይታኝ ሳታውቅ እታለሜ! ወሎ ገራገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኔ ጥያቄ ገራገርነቱ ስንት ሰዓት ላይ ያልቃል የሚለው ነው። የሻንጣዬን ጉድ ስትሰማ ጎረቤት ያለውን ብየዳ ቤት ጠራች። ሰውየው ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆረጠልኝ፤ ላመሰግን አፌን ስከፍት ሄዷል።

ወጣቶቹ ከጓሮ በኩል ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ይሠራሉ። ቅርፊቱን የሚፍቅ አለ፣ ሆዱን የሚያወጣ አለ፣ የሚያጥብ አለ። አንድ ማየት የተሳነው ወጣት ቢላዋ ከእጁ ወድቆበት መሬቱን ይዳብሳል። ቢላዋው ከጉልበቱ አጠገብ ነው። ከጎኑ ያለችው ልጅ አይታዋለች፤ ዘሐራም አይታዋለች፤ ሁለቱም ዝም።

ላነሳለት ጎንበስ ስል ዘሐራ ክንዴን ያዘች። «ተይው። ካልጠራ አናነሳለትም።»

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ቤቱ ብቻውን ሲሆን ማን ያነሳለታል?» አለችኝ። ልጁ ትንሽ ዳብሶ አገኘውና ሥራውን ቀጠለ። ያልኩትን የሰማ ይመስለኛል፤ ፈገግ ብሏል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ጨካኝ ሰውም እኮ ምክንያት አያጣም።

የዓሣው ነገር ግን ልቤን ትንሽ አሳረፈው። ጨሌ ከክሩ ይራገፋል፤ የተፋቀ ዓሣ ግን ተመልሶ ቅርፊት አያበቅልም። ቢሆንም ማን እንደሚበላው ማየት አለብኝ። ቅርጫቱን አንዲት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ይዘው ሲወጡ እኔም ትዕግስትን ጎትቼ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ዓሣ ቤት ገቡ። እኛም ገብተን ጥብስ አዘዝን። ባለቤቷ ፋጤ የምትባል ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት። ዓሣውን ከቅርጫቱ እያገላበጠች ልጆቹን ስትቆጣ ሰማኋት። «ይሄ ምንድን ነው? ቅርፊት አለው! ውሰዱ፣ መልሳችሁ ፍቁት!» ልጁ አኩርፎ ዓሣውን ተቀበለ። እኔ ደሜ ፈላ። ትዕግስት ግን ዓሣዋን አጣጥማ በላችና ሌላ አዘዘች።

ማታ ዘሐራ ዶሮ ወጥ አቀረበችልን። እጄን ሰበሰብኩ። ቤቷ የእስላም ቤት ነው፤ ዶሮዋን ማን ባረካት? እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ሳወጣ ሳወርድ ራሷ ሳቀች። «አፈር ስሆን ብዪ፤ የጎረቤቴ ባል ነው ያረዳት፤ ሥላሴን ጠርቶ። እኔ አልበላላትም፣ ላንቺ ናት።» እሷ ሽሮዋን፣ እኔ ዶሮዬን ይዘን ባንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀመጥን። የሰው እንዲህ መጠንቀቅ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ፈራሁ። ያኛው ማሰልጠኛም መጀመሪያ ላይ ኬክ ቆርሶልኝ ነበር።

ስለዚህ በልቼ ስጨርስ ተናገርኩ። «ዘሐራ፣ ቤትሽ ጥሩ ነው። ግን ከዚህ ወጥቶ ብቻውን የሚኖር ሰው አሳዪኝ። ለእንግዳ ያልተዘጋጀ።»

«ውጫሌ ሂጂ» አለችኝ ሳታመነታ። «ወፍጮ ቤት ሄደሽ ሰይድን ጠይቂ። አልደውልለትም።»

መደወልሽማ አይቀርም አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛው ቀን

ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ባጃጁና የገበያ ጭነቱ መንገዱን ይሻማል። የእኛ ገበያ ገብስና ሱፍ ይሸታል፤ እዚህ ማሽላና በርበሬ ነው። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም። ሰይድ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው መጠበቅ አለበት። ጆንያ ያወርዳል፣ አፉን ይሰፋል፣ ማሽኑን ያጸዳል። ከዘሐራ ቤት እንደመጣን ስነግረው ደስ አልተሰኘም።

«ደውላልሃለች?» አልኩት።

«አልደወለችም» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ብትደውል ቤት እጠርግ ነበር።»

የተከራያትን ክፍል ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አሳየኝ። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ልገባ ስል በእጁ አገደኝና ወደ እግሬ ጠቆመ። «ጫማ።» አውልቄ ገባሁ። እውነትም አልተጠረገም። አልጋ አለ፣ ድስት አለ፣ ያልታጠበ ሳህን አለ። ትዕግስት አልጋው ላይ ልትቀመጥ ስትል «የኔ ነው» አላትና በርጩማ ሰጣት። ትዕግስት ክፍሉን ዞር ዞር እያለች አየች። «ሌላ ሰው የለም?» አለችው። «የለም» አላት።

እዚያው እያለን ከውጭ ስሙ ተጠራ። ጥሪው የፍቅር አይደለም። ወጣን። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ከኋላቸው ቆመዋል፤ ጆንያ ያስፈጩ ሴቶችም ጆሯቸውን አቁመዋል። ሽማግሌው ጋሼ ይመር ይባላሉ፤ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ የሚሉት እኛ እድር የምንለውን ነው፤ እዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ቅሬ ይቀባበራል። ይመር የሚለው ስምም የሁለቱም ነውና ዳኛው የየትኛው ወገን እንደሆኑ እስካሁን አላወቅኩም።

«ሰይድ! ትናንት ቀብር ላይ የት ነበርክ?»

ሰይድ መሬት መሬት አየ። ሁላችንም ጠበቅነው።

«ኳስ... ሳይ ነበር።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ጋሼ ይመር ግን አልሳቁም። «ኳስ! ሬሳው ኳሱ እስኪያልቅ ይጠብቅህ? ድንኳኑን ማን ይትከል? እኔ በዚህ ወገቤ?»

«አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍተሃል። ለሚመጣው ለቅሶ ድንኳኑን ከነብረቱ ተሸክመህ የምታመጣው አንተ ነህ። ብቻህን።»

«ከባድ ነው» አለ ሰይድ።

«ይከብዳል እንጂ! ባይከብድ ቅጣት ይባላል?»

እኔ ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም። «ኧረ እግዜርን ፍሩ!» ብዬ መሃላቸው ገባሁ። «የዋህ ልጅ አግኝታችሁ ጉልበቱን ትበላላችሁ? እናት የለውም? ጠያቂ የለውም? ይሄ ነው ራስን መቻል?» ብዙ ተናገርኩ፤ ያኛውን ማሰልጠኛም እዚያው ሰደብኩት። 

ጋሼ ይመር እስክጨርስ ጠበቁኝ። «አንቱ ደግሞ ማን ነዎት?»

«እንግዳ ነኝ። የዚች ልጅ እናት።»

ትዕግስትን አዩዋት፤ ከዚያ እኔን። «ስሙኝ እታለሜ። እኛ እንግዳ አንቀጣም። ሕፃን አንቀጣም። አልጋ የያዘ አንቀጣም። የዚህ ልጅ እናት በሞተች ጊዜ ‹ቅሬ አስገቡኝ› ብሎ መጣ። ‹አብሽር፣ ባትገባም እንቀብርሃለን› አልነው። እምቢ አለ። ‹እኔም ልቅበራችሁ› አለን።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እንግዲህ ልቅበራችሁ ያለ ሰው ሲቀር፣ ‹እሱ ምስኪን ነው፣ ተዉት› ልንል ነው?»

 ሰይድ ቃሉን ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው። «ጋሼ ይመርም ተቀጥቷል» አለኝ ኮራ ብሎ። «አርፍዶ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሼ ይመር «እሱን አሁን ማን ጠየቀህ?» ብለው ቢቆጡም ከንፈራቸውን መግታት አቅቷቸዋል። ሲሄዱ ሰይድ ቀና ብሎ ነበር የቆመው። የተሰደበ ሰው ፊት አልነበረም።

እኔ ነገሩን እንደ ጨርቅ ገልብጬ ስፌቱን ፈለግኩ። ለኔ የተዘጋጀ ቢሆን ኖሮ ሰይድን ሲመሰገን ነበር የማገኘው፤ ሲጨበጨብለት፣ ነጭ ለብሶ። ሰው ለእንግዳ የተበላሸ ዕቃ አያወጣም። ያልተጠረገ ቤትና የሚቆጣ ሽማግሌ ማንም አያዘጋጅልኝም።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትዕግስት ክንዴን ነካችኝ። «እማዬ፣ እኔን ለምን ማንም አይቆጣኝም?»

ጎረቤቶቼ፣ ይህን ስጽፍ አትቀየሙኝ። እኛ እድር ድንኳን ውስጥ ትዕግስት ስትገባ ሁላችሁም ቦታ ትለቃላችሁ፣ ዳቦ ታስይዟታላችሁ፣ ጉንጯን ትስማላችሁ። በሃያ ሁለት ዓመቷ አንድም ሰው «ለምን ቀረሽ?» ብሏት አያውቅም። ይህን ፍቅር ነው ስል ኖሬአለሁ። ፍቅርም ነው፣ አልዋሽም። ልጄ ስትጠይቀኝ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ትዕግስት ሻንጣውን ከፍታ የኔን ልብስ ወደ አንድ ጎን፣ የራሷን ወደ ሌላ ጎን ትለያለች። ማንም አላዘዛትም። «እኔ እቀራለሁ» አለችኝ። እሺ ማለት እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። «እሺ» አልኳት።

ልሰናበት ግቢው በር ላይ ቆመን ሳለ ትዕግስት አንገቴን አልለቅ አለች። ከጓሮ የዘሐራ ድምፅ መጣ። «ትዕግስት! ዓሣው እየጠበቀሽ ነው! እናትሽን ለመሸኘት ስንት ጊዜ ነው የምትስሚያት?»

አፌ ተከፈተ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ልጄን ሕዝብ ፊት! ከዚያ ትዕግስትን አየኋት። ደንግጣለች፤ ግን እየሮጠች ነው፤ ሽርጧን እያሰረች፣ ዞር ሳትል። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

ተማርኩ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ጥርጣሬ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ አጥንት ውስጥ ይገባል። መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት ፋጤ ዓሣ ቤት ገብቼ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት፤ የሷንም ተቀበልኩ። «ያቺን የኔን ልጅ ዓይንሽን ጣይባት። ጨሌ የሚመስል ነገር ካየሽ ደውዪልኝ» አልኳት። ፋጤ ነገሩ ባይገባትም «ወላሂ እደውላለሁ» አለች። ምሳውንም ሳታስከፍል ሸኘችኝ። ሰላይ ተክዬ፣ ግማሽ ባዶ ሻንጣ ይዤ፣ ያለ ጓጉንቸር አገሬ ገባሁ።

ከተመለስኩ በኋላ

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ሱቄ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ብርድ ልብስ እያስመረጠችኝ ሳለ ነው ስልኩ የጮኸው። ትዕግስት ናት። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ፤ ጆሮዬን አጣብቄ ስሰማ ትስቃለች።

«እማዬ፣ ተቀጣሁ!»

«ማን ነው የቀጣሽ?»

«ሴቶቹ። ቅሬው። ለቅሶ ቤት ውሃ ቅጂ አሉኝ። ከልጆች ጋር ስጫወት ረሳሁ። ለሚመጣው እኔ ነኝ የምቀዳው። ብቻዬን!»

አላመንኩም። ልጅ ሊያስደስቱ ያሏት ቢሆንስ? ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ለፋጤ ደወልኩ። «እውነት ነው ወይ?» አልኳት።

«አፈር ስሆን እታለሜ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች ፋጤ፤ ድምጿ ፈርቷል። «እኔው ነኝ የከሰስኳት። እንስራውን ይዤ ፀሐይ ላይ አስቆመችኝ እኮ! ብትቆጪም ምን ላድርግ፣ እሷም እንደኛው ‹አስገቡኝ› ብላ የገባች የቅሬው ሰው ነች።»

ስልኩን አስቀመጥኩና ሱቄ መሃል ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት። ደንበኛዬ ብርድ ልብሱን ከእጇ ጣለችው። ከጎን ያሉት ነጋዴዎች እየሮጡ መጡ።

«ምን ተገኘ? ልጅሽ ታጨች እንዴ?»

«የለም» አልኳቸው፤ «ልጄ ተቀጣች።»